ሚጉና የአያ ካሴ ጋቢ

መብራት ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ስለነበር ላምባ ፍለጋ ወጣሁ። ጎንደር ውስጥ ላምባ መፈለግ እኮ ቀርቶ ነበር፤ ይኸው ተመለሰ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ባለሱቅ በበርሜል አስመጥቶ በጠርሙስ እየቀዳ ይሸጣል አሉኝና ባዶ የዘይት ጄሪካኔን አንጠልጥዬ ተሰለፍኩ። ሰውየው የበርሜሉን ክዳን ሲፈታው ሽታው መጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሽማግሌ በላምባ ሽታ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ለእናንተ ላምባ ማለት ኩራዝ ነው። ለእኔ ጠዋት ነው፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ ቱታዬን ለብሼ፣ ጤዛ ባረጠበው ሲሚንቶ ላይ ከአንድ ተዋጊ አውሮፕላን አፍንጫ ሥር በጀርባዬ የተኛሁበት ጠዋት። ያ ሁሉ ነጎድጓድ የሚነዳው ከዚህ ከላምባ ብዙም በማይለይ ነዳጅ ነበር። ያገሬን ሰው ይኸን ብለው አያምነኝም ነበር፤ ሌላውን ውሸቴን ግን አመነኝ።

ሚግ አሥራ ሰባት ነው የምላችሁ። ለሠሩት ሰዎች ያኔም ያረጀ ነበር፤ ለእኛ ግን አዲስ ሙሽራ ነው። አፉ ከፊት ነው፤ ክብ ነው፣ ክፍት ነው፣ መሃሉ ላይ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። አየሩን በዚያ ይስበውና ሆዱ ውስጥ ባለው አንድ ሞተር አሳልፎ በጭራው በኩል እሳት አድርጎ ይተፋዋል። ክንፎቹ ወደ ኋላ የተጣሉ ናቸው፤ ጭልፊት ጫጩት አይታ ቁልቁል ስትወረወር እንደምታደርገው። በእያንዳንዱ ክንፍ ጀርባ ላይ ሦስት ሦስት ስስ ቆርቆሮዎች ቆመዋል፤ ነፋሱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ አጥር ናቸው። ፍጥነቱ ድምፅን ሊቀድም ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ስትሰማው ደርሶብሃል። ራዳር የለው፣ ምን የለው፤ አብራሪው የሚያየው በገዛ ዓይኑ ነው፤ ያውም ወደፊት እንጂ ወደ ታች አያይም፤ አፍንጫውና ክንፉ ይጋርዱታል። የእኔ ሥራ አፍንጫው ሥር ነበር። ሦስት መድፎች አሉት፤ በቀኝ ትልቁ፣ በግራ ሁለቱ ታናናሾች። ሦስቱም ከነጥይታቸው በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ማንቬላውን ስታዞረው መደቡ በአራት ካቦ ተንጠልጥሎ፣ ባልዲ ጉድጓድ እንደሚወርድ፣ ቀስ እያለ ከሆዱ ይወርድልሃል። ትጠርገዋለህ፣ ታጎርሰዋለህ፣ መልሰህ ትስበዋለህ። እኔና ጓደኛዬ ሻይ እስኪፈላ እንጨርሰው ነበር። ለትልቁ አርባ፣ ለታናናሾቹ ሰማንያ ሰማንያ ጥይት። አብራሪው ጣቱን ካላነሣ ያ ሁሉ ስድስት እስክትቆጥር ያልቃል። ስድስት! ከዚያ በኋላ የሚበር ባዶ ቆርቆሮ ነው። እወደው ነበር። አሁን አፍሬ ልካደው ብል ማን ይሰማኛል፤ እወደው ነበር።

በዓመት አንዴ ፈቃድ ሳገኝ መጀመሪያ የማርፈው ጎንደር ነበር። ፒያሳ ላይ ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣል። ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ጫማዬን አስጠርጋለሁ፤ ጠጉሬ እንኳ በወታደር ደንብ አጭር ነው፣ ሱሪዬ ግን ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤል ቦተም፣ ከላይ ቡኒ የቆዳ ጃኬት፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር መነጽር። እንዲያ ሆኜ ወደ ጃንተከል ዋርካ ስወርድ የሚያየኝ ሁሉ አብራሪ ይመስለዋል፤ እኔም አላርምም። ከካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ስለ አንዲት የወገራ ልጅ ይዘፈናል፤ ዜማው ዛሬም ምላሴ ላይ አለ፣ ስንኙ ግን ጠፍቶኛል። አንድ ፎቶ ቤት ነበር፣ ግድግዳው ላይ አውሮፕላን የተሳለበት፤ ሰው ከፊቱ ቆሞ ይነሣል። "ይኸ ክንፍ ልክ አይደለም፣ ወደ ኋላ መጣል አለበት" ብዬ ባለቤቱን ጨቀጨቅኩት። በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ አስተካክሎ ስሎት አገኘሁ፤ የኩራቴ ብዛት! ፎቶው ዛሬም አለኝ። አሁን በዚያ ፎቶ ቤት ቦታ ሞባይል ይጠገናል፤ ያም ቢሆን መብራት ሲኖር ነው። ለእናቴ ከሸማኔ ሰፈር ጥለቱ የሚያምር ነጠላ እገዛና፣ በአንድ ብር ከሃምሳ አውቶብስ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ በእግር ወደ ላይ፤ ጠዋት ከጎንደር የተነሣ ሰው ለምሳ ቤታችን ይደርሳል። ዛሬ ታሪፉን አትጠይቁኝ፤ መንገዱም ሲያሰኘው ነው የሚከፈተው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያገሬ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በጽዱ ዛፍ ጥላ ተቀምጧል። እኔ መሃል ሆኜ በእንጨት መሬቱ ላይ ሚጉን እስላለሁ። "ይኸ አፉ ነው" አልኩ።

"አሃ! ታዲያ ምን ይበላል?" አሉ አንድ አዛውንት።

"አየር ይበላል፣ ላምባ ይጠጣል።"

"የኩራዛችንን ላምባ? ወይ ጉድ! ይኸ ልጅ ወታደር ቤት ገብቶ ውሸት ተማረ!" ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሴቶቹ በኩል እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት።

ያልሳቀው አያ ካሴ ብቻ ነበር። አያ ካሴ ጎረቤታችን ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ሲጠርብ አገር የሚያደንቀው፣ ነገር ሲነግሩት ግንባሩን ቋጥሮ የሚሰማ ሰው። የመድፉን መደብ ስነግረው "አንዱ ካቦ ቢበጠስስ? ሦስቱ ይሸከሙታል?" ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ይኸን ጥያቄ ያሠለጠኑኝ ሰዎች እንኳ አልጠየቁኝም። ሥዕሉን ሲያይ ቆየና፣ "ሸጋ ነው ታከለ፣ ገባኝ" አለኝ። "ግና ያ ሰውዬ እዚያ ላይ ሆኖ፣ እንዲያ እየበረረ፣ እኛን ጫካ ከገባው ሰው በምን ይለየናል?"

መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ አይለያችሁም። ይኸን ማለት አቃተኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እናቴ እየሰማች፣ የምወደውን ነገር ዕውር ነው ልበል? "ነጭ ለብሶ፣ ተሰብስቦ የቆመ ሰው አይነካም" አልኩ። "የሚያሳድደው የሚሮጠውን ነው። ሲመጣ አትበተኑ። ነጠላችሁን ዘርግታችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ ለቅሶ ወይ ማኅበር መሆናችሁን ያያል።" ማን ነገረኝ? ማንም! ከሆዴ አወጣሁት። ይባስ ብሎ፣ የተኩስ ልምምድ ቀን ሜዳው ላይ ዒላማ የምዘረጋው እኔ ነበርኩ። የምዘረጋው ምን መሰላችሁ? ነጭ አቡጀዲ። ከላይ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ነጭ ነውና። ይኸን በገዛ እጄ ችካል እየተከልኩ የማውቅ ሰው ነኝ ያን የተናገርኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እንግዲህ የላምባውን ሱቅ ግድግዳ ተደግፌ ይኸን ይኸን ሳብሰለስል ነው ከኋላዬ የተጠራሁት።

"አያ ታከለ! አንቱ አይደሉም እንዴ?"

ዞር ስል አምሳ ዓመት የዘለላት ሴት ናት፤ ሻሿ ጥቁር፣ ፊቷ በፀሐይ የከሰለ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የሞላ ነገር ታቅፋለች። "አላወቁኝም" አለች እየሳቀች። "የሻረግ ነኝ እኮ፤ የካሴ ልጅ።"

ዐሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ሆና ነበር የማውቃት። ተሳሳምን፣ ጤና ተጠያየቅን። ወረፋውን ትቼ ከሱቁ ደረጃ ላይ አረፍ አልን። ከረጢቱን ስታስቀምጥ አፉ ተከፈተ፤ የልብስ ሳሙና ነው፤ እስከ አፉ ድረስ ሳሙና።

"ምነው ይኸን ሁሉ? ሠርግ አለ እንዴ?" አልኳት።

"ኧረ የምን ሠርግ አመጡ!" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰማዩ ላይ ያ ነገር መዞር ጀምሯል። አይታይም፤ እንደ ንብ ሲል ይውላል። እንግዲህ ልብስ ማጠብ ነው እንጂ ሌላ ምን አለን? አንቱ ያሉትን እኮ አልረሳንም። በእኛ አገር ከዚያ ቀን ወዲህ ነጭ ሳይለብስ ቀብር የሚወጣ የለም፤ በግዝት ነው። ልጆቼንም የማስተምራቸው እሱን ነው። አትሩጡ፣ ንጹሕ ልበሱ።"

"ከዚያ ቀን ወዲህ" ያለችውን ቀን ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ እሷ ጥይቱ የወረደበት ነበረች፣ እኔ የተጫነበት።

ወሩ የአጨዳና የውቂያ ወር ነበር። እኛ ያን ሰሞን ሐይቅ ዳር ካለ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር የምንሠራው። ጠዋት አጉርሼ የላክሁት ሚግ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። አብራሪው መሰላሉን ሲወርድ ፊቱ ግራ የተጋባ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጋራ ያካፍለኝ ነበር። "የሚገርም ነገር" አለኝ ጓንቱን እያወለቀ፤ "ብዙ ሆነው አገኘኋቸው። አንድ ሰው አልሮጠም። ነጭ በነጭ ሆነው ቆመው ጠበቁኝ፤ እንዲህ ያለ ዒላማ ልምምድ ላይ እንኳ አግኝቼ አላውቅም።" የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ማንቬላዬን አዞርኩ፣ መደቡን አወረድኩ፤ ሦስቱም መድፍ ባዶ ነበር። ባሩዱን እያፏጨሁ ጠረግሁት። እያፏጨሁ! ያችኑ የወገራዋን ልጅ ዘፈን።

ደብዳቤው የደረሰኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የደብራችን ዲያቆን ነበር የጻፈው። አንድ አዛውንት አርፈው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ለቅሶ ላይ ነበር። ድምፁ ሲመጣ ገሚሱ ወደ ገደሉ ሊሸሽ ሲል እናቴ "ቁሙ! ልጄ ያለውን አልሰማችሁም?" ብላ መለሰቻቸው። ጎንደር የገዛሁላትን ነጠላ በሁለት እጇ ዘርግታ ከሁሉ ፊት ቆመች። አንድ ሬሳ ሊቀብሩ ወጥተው፣ ዐሥር ሬሳ ቀበሩ። ከዐሥሩ አንዷ እሷ ናት።

ለተዝካሯ ፈቃድ ሰጡኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ ያን ዳገት ስወጣ እንደሚወግሩኝ አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም ቢወግሩኝ በወደድኩ። አልወገሩኝም። አቅፈው አለቀሱልኝ። "እንዳልከው አደረግን፣ አንድ ነገር ብቻ ጎደለን" አሉኝ። የጎደለው የአያ ካሴ ጋቢ ነበር። አያ ካሴ መርዶውን የሰማው ዐውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ ነው፤ ቀብር እንዳያመልጠው እንደ ቆመ ነው የሮጠው። ጋቢው በእብቅና በአቧራ ዐመድ መስሏል። በዚያ ሁሉ ነጭ መሃል ያን ዐመድማ ነገር አይቶ ነው ሰዉ ለአብራሪው ጫካ የገባ የመሰለው፤ አገሩ እንዲህ ብሎ ተማምኗል። አያ ካሴ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሟል፤ አልገባም፣ አልተቀመጠም፤ ያን ጋቢ አጥቦ ለብሶታል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኚያ "ውሸት ተማረ" ብለው የሳቁብኝ አዛውንት ናቸው የጠየቁኝ። "አንተ ታውቃለህ ልጄ። በጋቢው ምክንያት ይሆን?"

አያ ካሴ አየኝ። መደብ፣ ካቦ፣ ማንቬላ ሳይቀር የገባው ሰው ነው፤ ውሸቴን አውቆብኛል ብዬ ፈራሁ። ግን መልሴን ጠበቀ።

"ይሆናል" አልኩ።

ይኸው ነው። አንድ ቃል። ያኔ ገደል መግባት የነበረብኝ እኔ ስሆን የገፋሁት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ይዤ ኖርኩ። ወታደር ቤቱ ፈረሰ፣ መንግሥት ተቀየረ፣ እኔ ጎንደር የውሃ ሞተር ጠጋኝ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ቀብር ከሰማሁ ገንዘብ በሰው እልካለሁ፤ ራሴ ግን ወደዚያ ዳገት አልወጣሁም። ዝም ይነቅዛል፤ ውስጥ ውስጡን ነው እንጂ።

"አባትሽ እንዴት ናቸው?" አልኳት የሻረግን። ለመጠየቅ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"አልሰሙም እንዴ? አረፈ እኮ" አለች። "ያው ያውቁታል፣ ከዚያ ነገር በኋላ ሰው አልሆነም። ማንም ውጣ ያለው የለም፤ ራሱ ነው ከማኅበሩ የወጣው። ቅዳሴ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድስ፤ ዝናብም ቢሆን። ቅዳሜ ቅዳሜ ያችን ጋቢ ወንዝ ይወርድና ያጥባል። ሌላ ግዛ ብንለው እንቢ። 'ያን ሁሉ ሰው የጨረስሁባት ናት፣ እሷኑ ለብሼ ልሙት' ይል ነበር። እኔም ከሰው ልጆች ጋር ስጫወት 'የጋቢው ልጅ' ይሉኝ ነበር።" ሳሙናዎቹን በእጇ ደልደል ደልደል አደረገቻቸው። "እና በእኔ ደግሞ እንዳይደርስ ነው ይኸ ሁሉ። የእኔ ልጆች ልብስ አድፎ ሰው እንዳያልቅ።"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ሰው መግደል ነበር፤ በዕድሜዬ ሁለተኛ ጊዜ።

"የሻረግ፣ ስሚኝ" አልኳት። "ነጭ አያድንም። ያኔም አያድንም ነበር። አብራሪው ጋቢም ነጠላም አይለይም፤ የሚያየው ነጭ ክምር ነው። ሲለማመዱ እንዲመቱት የምዘረጋላቸው ነጭ ጨርቅ ነበር፤ እኔው በእጄ። ባትሰበሰቡ፣ ወደ ገደሉ ብትሮጡ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር። ያን ምክር ከራሴ ነው የፈጠርኩት፤ ለጉራ። የአባትሽ ጋቢ ምንም አላደረገም። ምንም።"

ከመናኸሪያው አንድ ረዳት "ደባርቅ! ደባርቅ!" እያለ ይጣራል።

"ያሁኑስ?" አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

"ያሁኑን አላውቀውም። ውስጡ ሰው የለም ይላሉ፤ ከሩቅ ነው አሉ የሚያየው። ብቻ አትሰብሰቡ።"

"እንዴት ነው የማንሰበሰበው? ሬሳ በአንድ ሰው ይቀበራል?"

ያን ጊዜ መልስ ሳይኖረኝ መለስኩ፤ አሁን አልመለስኩላትም።

"ታዲያ ተዝካሩ ላይ፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ እያየህ፣ 'ይሆናል' ያልከውስ?"

አንቱታው ቀረ። መቅረቱ የሚገባኝ ነው።

"ፈርቼ ነው" አልኳት። "እንዳትጠሉኝ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ ነገሩ ሳይገባው እንደሚነቀንቅ ሰው። "አባቴ የሞተው አምና ነው" አለች። "አምና በፍልሰታ። ሊሞት ሲል ዓይኑ አያይም፤ 'ጋቢዬ ነጥታለች ወይ?' እያለ ነው የጠየቀን። ነጥታለች ስንለው አላመነንም። ልንገንዝባት ሳጥባት እጄ ላይ ተበጣጠሰች።" ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ ሳትጮህ፣ "ምነው አንዲት ቀን መጥተህ ብትነግረው? ከዚህ እኛ ቤት እኮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው" አለችኝ።

ወደ መናኸሪያው ሄደች። ከረጢቱ ደረጃው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው።

"የሻረግ! ሳሙናሽን!" ብዬ ተጣራሁ።

ዞር አላለችም።